ሶፍትዌሩ ከመገዛቱ በፊት መዝገብ ቤቱ ይታሰብ

የአንድ መሥሪያ ቤት ዕውቀት የሚገኘው የት ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን የኃላፊውን ወይም የአንጋፋውን መሐንዲስ ስም እንጠራ ይሆናል። ትክክለኛው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ይኸውም መዝገብ ቤቱ ነው። እንደሚታወቀው ገቢ ደብዳቤ በገቢ መዝገብ፣ ወጪ ደብዳቤ በወጪ መዝገብ ይሰፍራል፤ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ወደሚመለከተው ክፍል በፊርማ ይመራል፤ ጉዳዩ ሲያልቅም በፋይሉ ውስጥ ይታሰራል። ፋይል ከመደርደሪያው ሲወጣ ማን እንደወሰደውና መቼ እንደወሰደው ይጻፋል። አሠራሩ አዝጋሚ ነው፤ አቧራውም ብዙ ነው። ሆኖም «ይህ ወረቀት ከየት መጣ? ማን አየው? የመጨረሻው ውሳኔ የትኛው ነው?» ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ነበረው።

ኮምፒውተር በየጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ጽሕፈቱ ተፋጠነ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ግን መልስ አጡ። ደብዳቤው በኮምፒውተር ይጻፋል፤ ታትሞ ይፈረማል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ወረቀቱ ወደ መዝገብ ቤት ሲሄድ ፋይሉ ከጸሐፊዋ ዘንድ ይቀራል። የሕንፃው ንድፍ በመሐንዲሱ ላፕቶፕ፣ ቅጂው በፍላሽ፣ ሌላው ቅጂ በኢሜይል፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በቴሌግራም ይዞራል። መሥሪያ ቤቶች ይህን ችግር ሲረዱ መፍትሔውን በጨረታ ይፈልጋሉ። ወደ ባለሙያዎችም መጥተው «የትኛው የሰነድ አስተዳደር ሶፍትዌር ይሻላል?» ብለው ይጠይቃሉ። በእኛ አመለካከት ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት በመጨረሻ ነው። ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሰነዱ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚወለድ፣ በማን እንደሚጸድቅና የት እንደሚያርፍ የሚመለከተው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ይህን ሳይመልሱ ሶፍትዌር የሚገዙ ሁሉ ዝርክርክነታቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያዛውሩታል እንጂ አያስወግዱትም።

አንድ የምናውቀው ስሕተት

ከዓመታት በፊት ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ለሙያ ምክር ወደ አንድ የሕንፃ ግንባታ ሥፍራ ተጠርተን ነበር። የአፈር ምርመራው ውጤት ከመጣ በኋላ የዓምዶቹ ንድፍ ተሻሽሎ፣ በአንዳንዶቹ ዓምዶች ውስጥ የሚቆመው ፌሮ ከ8 ወደ 12 ከፍ እንዲል ተወስኖ ኖሯል። በሳይቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቆየው ግን የቀድሞው ንድፍ ነው። ፌራዮዎቹም በእርሱ መሠረት ብረቱን አሰሩ፤ አርማታውም ተሞላ። ስሕተቱ የታወቀው የክፍያ ሰነድ ሲዘጋጅ የብረቱ መጠን ከአዲሱ ስሌት ጋር አልገናኝ በማለቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ስድስት ዓምዶች ቆመው ነበር፤ ስድስቱም ፈረሱ።

ጉዳዩን ስንመረምር በአማካሪው ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ አራት ፋይሎች አገኘን። ስማቸውም «ስትራክቸር የመጨረሻ»፣ «ስትራክቸር የመጨረሻ 2»፣ «ስትራክቸር የመጨረሻ የታረመ» እና «ስትራክቸር አዲሱ የመጨረሻ» ይላል። አማካሪው አዲሱን ንድፍ ልኬያለሁ አለ፤ ሥራ ተቋራጩ አልደረሰኝም አለ። የሁለቱንም ቃል የሚያረጋግጥ መዝገብ አልነበረም። ሁለቱ ወገኖች ሲከራከሩ መጀመሪያ ከሥራው የተሰናበተው ግን ፎርማኑ ነው፤ እርሱ የሠራው ተለጥፎ የተሰጠውን ንድፍ በታማኝነት ተከትሎ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። የአማካሪው ቢሮ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሰነድ አስተዳደር ሶፍትዌር ገዝቶ ነበር። ሶፍትዌሩም በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። የሚያገለግለው ግን ገቢ ደብዳቤዎችን ስካን አድርጎ ለማስቀመጥ ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ «ይዘገይብናል» በማለት አንድም ንድፍ አላስገቡበትም፤ እንዲያስገቡ የሚያስገድድ የአሠራር ደንብም አልነበረም። ስለዚህ ዓምዶቹን ያፈረሳቸው የሶፍትዌር እጥረት ነው ለማለት አንደፍርም።

ከሌሎች ዓለማት ሁለት ምስክሮች

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሁለት የታወቁ ታሪኮች አሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ በሀያት ሪጀንሲ ሆቴል የደረሰው ነው። በሆቴሉ አዳራሽ ላይ ከጣሪያው በብረት ዘንግ የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። በመጀመሪያው ንድፍ የአራተኛውና የሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያዎች በአንድ ረጅም ዘንግ ላይ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዳዶ የሚያርፉ ነበሩ። በአፈጻጸም ወቅት አንዱ ዘንግ በሁለት አጫጭር ዘንጎች ተተካ፤ የታችኛው መተላለፊያም ከላይኛው ላይ እንዲንጠለጠል ሆነ። ለውጡ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በላይኛው መተላለፊያ መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጭነት እጥፍ ሆነ። የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ ደካማ እንደነበር ምርመራው አረጋግጧል፤ ለውጡ ደግሞ ድክመቱን ወደ አደጋ አሸጋገረው። የተለወጠው ንድፍ የመሐንዲሱ ማኅተም አርፎበት ነበር፤ ለለውጡ ግን አዲስ ስሌት አልተሠራለትም። ለውጡ በስልክ ተጠይቆ እንደነበርና እንዳልነበርም ወገኖቹ ሳይስማሙ ቀርተዋል።

ሁለተኛው ታሪክ ከአውሮፓ ነው። ኤርባስ ኤ380 የተባለውን ግዙፍ አውሮፕላን ሲሠራ የሐምቡርግ መሐንዲሶች ካቲያ በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር አራተኛ ስሪት፣ የቱሉዝ ባልደረቦቻቸው ደግሞ በአምስተኛው ስሪት ይጠቀሙ ነበር። በአንድ አውሮፕላን ውስጥ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሁለቱ ስሪቶች ፋይሎች በትክክል ባለመናበባቸው፣ የንድፍ ለውጦችም ከአንዱ ወደ ሌላው በአግባቡ ባለመተላለፋቸው፣ ከሐምቡርግ የመጡ ሽቦዎች በቱሉዝ ሲገጠሙ አጥረው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኩባንያው ኃላፊዎች ከሥልጣን ተነሡ፤ የመጀመሪያው አውሮፕላንም ለሲንጋፖር አየር መንገድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007፣ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ መዘግየት በኋላ ነው። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ውድ ሶፍትዌሮች አንዱ በሁለቱም ከተሞች ነበር። ያልነበረው «ሁላችንም የምንሠራበት ትክክለኛ ቅጂ ይህ ነው» የሚል የጋራ ሥርዓት ነው።

ሁለት ዓይነት ፋይሎች፣ ሁለት ዓይነት ጠባይ

ወደ ምርጫው ስንመጣ መጀመሪያ መለየት ያለበት የንግድ ሰነድና የምሕንድስና ፋይል ጠባይ ነው። ውል፣ ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤ የመሳሰሉት ሰነዶች ከተፈረሙ በኋላ መለወጥ የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመዛግብት አያያዝ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 15489፣ ከእንዲህ ያለ ሰነድ አራት ባሕርያትን ይጠብቃል፤ እውነተኛነት፣ ታማኝነት፣ አለመነካካትና ለአገልግሎት ዝግጁ መሆን። ስለዚህ ለንግድ ሰነድ የሚመረጥ ሶፍትዌር ዋና ሥራው መጠበቅ ነው።

የምሕንድስና ፋይል ግን የሚኖረው በመለወጥ ነው። አንድ የሕንፃ ንድፍ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ ርክክብ ድረስ ብዙ ጊዜ ይታረማል። ከዚህም በላይ ብቻውን አይቆምም። የወለሉ ንድፍ የዓምዶቹን ፋይል፣ የዓምዶቹ ፋይል የመሠረቱን ፋይል ይጠራል። ከእነዚህ የአንዱ ስም ቢቀየር ወይም ፋይሉ ወደ ሌላ ፎልደር ቢዛወር ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ተራ የሰነድ ማስቀመጫ ይህን ዝምድና አያውቀውም፤ ለእርሱ እያንዳንዱ ፋይል ወላጅም ልጅም የሌለው ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁት እንደ ቮልት፣ ሶሊድወርክስ ፒ.ዲ.ኤም. እና ፕሮጀክትዋይዝ ያሉት ሶፍትዌሮች ዝምድናውን ይመዘግባሉ። ደግሞም እንደ ቤተ መጻሕፍት በውሰት ይሠራሉ፤ አንዱ መሐንዲስ ፋይሉን ለማረም ሲዋስ ሌላው ማየት እንጂ መለወጥ አይችልም፤ ሲመለስ አዲስ የእርማት ቁጥር ይሰጠዋል፤ የቀድሞውም ሳይጠፋ ይቀመጣል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ሶፍትዌር ለሁለቱም ይበቃል ከሚል ሻጭ መጠንቀቅ እንደሚገባ ነው። ሥራው በአብዛኛው ደብዳቤና ውል የሆነ መሥሪያ ቤት ከባድ የምሕንድስና ሥርዓት ቢገዛ ገንዘቡን ያባክናል። መንገድና ድልድይ የሚሠራ ድርጅት ደግሞ ንድፎቹን ለደብዳቤ በተዘጋጀ ሶፍትዌር ውስጥ ቢከት ያንኑ የዓምዶቹን ታሪክ ይደግማል።

ፊደላችን፣ ቀናችንና ስማችን

ከውጭ አገር የሚመጣ ሶፍትዌር በሻጩ ማሳያ ላይ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ማሳያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ። የእኛ ሰነድ ሲገባበት ግን የማይታሰቡ ችግሮች ይመጣሉ። በዩኒኮድ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ኮድ ስለሚሠሩ፣ በዚያ ዘመን የተጻፈ ፋይል ያለ ፎንቱ ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ለፍለጋ ሶፍትዌሩም አማርኛ አይደለም። ስለዚህ የቆዩ ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጡ ቢገቡ እንደተቀበሩ ይቆጠራል።

በዩኒኮድ ቢጻፍም ጉዳዩ አያልቅም። «ጸሐፊ»፣ «ጸሃፊ» እና «ፀሀፊ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ናቸው። ሌላም አለ። «ውል» የሚለውን ቃል የሚፈልግ ሶፍትዌር «ውሉ» የሚለውን አያገኝም፤ ምክንያቱም አናባቢው ሲለወጥ ፊደሉ ራሱ ይለወጣልና «ል» እና «ሉ» ሁለት የተለያዩ ኮዶች ናቸው። እንግሊዝኛን በመሰሉ ቋንቋዎች በቃል መጨረሻ ላይ ቅጥያ ቢታከልም መነሻው እንዳለ ስለሚቀር ችግሩ ይቀላል። ስካን የተደረገ ደብዳቤ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ስለሆነም የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ ላኪና ጉዳይ በሰው እጅ መሞላታቸው የሚቀር አይደለም፤ የአሮጌው የገቢ መዝገብ ዓምዶች በአዲሱ ሶፍትዌር ውስጥም ቦታ ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። «2/1/2000» ተብሎ የተጻፈ ቀን መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም. ከሆነ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 13 ቀን 2007 ነው። ሶፍትዌሩ ግን ጃንዋሪ 2 ቀን 2000 አድርጎ ሊይዘው ይችላል። በአንድ የውል ዋስትና ላይ ከሰባት ዓመት የሚበልጥ ልዩነት ማለት ነው። በጳጉሜን የተጻፈ ሰነድ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ተብሎ ጭራሹን ሊመለስ ይችላል። የእኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሌለው በመሆኑም፣ በመጨረሻው ስም የሚደረድር ሶፍትዌር ሠራተኞችን በአባቶቻቸው ስም ይበትናቸዋል። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ይመስላሉ፤ ነገር ግን በጨረታ ሰነድ ውስጥ አስቀድመው ካልተጻፉ ኋላ ላይ የሚያርማቸው አይገኝም።

ሕንፃው ከሶፍትዌሩ ይልቃል

አንድ ድልድይ ለሃምሳ ወይም ለመቶ ዓመት ያገለግላል ተብሎ ይሠራል። ሲጠገን፣ ሲሰፋ ወይም ሲፈርስ ንድፉ ያስፈልጋል። ለመሆኑ ሃምሳ ዓመት የኖረ የሰነድ ሶፍትዌር አለን? እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሠረተው ዶኩመንተም በ2003 በኢ.ኤም.ሲ. ተገዛ፤ በ2017 ወደ ኦፕን ቴክስት ተላለፈ። ፋይልኔት በ2006 የአይ.ቢ.ኤም. ሆነ። በ2005 የተጀመረው አልፍሬስኮ በ2020 በሃይላንድ ተገዛ። ኦቶዴስክ ደግሞ ከ2016 ወዲህ አብዛኞቹን ሶፍትዌሮቹን ለዘለቄታው መሸጡን ትቶ በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ አድርጓል። ኪራይ ሲቋረጥ፣ በተለይም የውጭ ምንዛሪ በጊዜው ሳይገኝ ሲቀር፣ የራሳችንን ፋይል ለማረም የምንቸገርበት ሁኔታ ይፈጠራል።

የአባ ገሪማ ወንጌሎች በብራና ላይ ተጽፈው ከሺህ ዓመት በላይ ሲነበቡ የኖሩት ለማንበብ ከዓይንና ከፊደል ዕውቀት በቀር ሌላ መሣሪያ ስለማይጠይቁ ነው። የኮምፒውተር ፋይል ይህን ያህል ነጻ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ወደዚያ የሚያቀርቡ መንገዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ፒ.ዲ.ኤፍ.-ኤ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ለረጅም ጊዜ እንዲነበብ የተዘጋጀ ነው። በ1994 የወጣው ስቴፕ ወይም አይ.ኤስ.ኦ. 10303 የምሕንድስና ሞዴሎችን ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ለማሸጋገር ይረዳል። የጸደቀ ንድፍ ሁሉ ከመነሻው ፋይል ጋር በእነዚህ ቅርጾችም ቢቀመጥ ከሻጩ ዕድሜ ጋር የታሰረ አይሆንም።

ስለዚህ ከሻጩ ጋር ስንነጋገር «ፋይላችንን እንዴት እናስገባለን?» ከማለታችን በፊት «ስንለያይ እንዴት እናስወጣዋለን?» ብለን መጠየቅ አለብን። የእርማት ታሪኩ፣ ማን እንዳጸደቀውና የፋይሎቹ ዝምድና አብረው ካልወጡ፣ የወጣው የፋይል ክምር ብቻ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «በደንብ የተሰናዳ ፎልደር ይበቃል» ይላሉ። ይህ አስተያየት የሚናቅ አይደለም። አምስት ሰዎች ለሚሠሩበት ቢሮ የፋይል አሰያየም ደንብ፣ አንድ የመዝገብ ደብተርና የዘወትር መጠባበቂያ ቅጂ ከብዙ ሶፍትዌር ይሻላሉ። ሰዎቹ ሲበዙና ሳይቶቹ ሲራራቁ ግን ደንቡን በሰው ማስታወስ ብቻ ማስጠበቅ አይቻልም።

ሌሎች ደግሞ እንደ ኦፕን ኬ.ኤም. እና ማያን ያሉትን ነጻና ክፍት ሶፍትዌሮች ያለ ወጪ እንጠቀም ይላሉ። በሐሳቡ እንስማማለን፤ በተለይ የአማርኛ ፍለጋንና የቀን አቆጣጠርን ራሳችን ልናሻሽልባቸው እንችላለን። ነገር ግን ያለ ወጪ የሚለው ቃል ትክክል አይደለም። ለፈቃድ ያልተከፈለው ገንዘብ ሥርዓቱን ለሚጠብቅ ባለሙያ ደመወዝ ካልዋለ፣ ባለሙያው በለቀቀ ማግስት ሥርዓቱም አብሮ ይለቃል።

ምን ይደረግ?

በእኛ እምነት አንድ መሥሪያ ቤት አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ቢፈጽም ይጠቀማል። አንደኛ፣ ለአንድ ወር ያህል የሰነዶቹን ጉዞ በወረቀት ላይ ይሣል፤ በዚህ ሥራም የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ዋና አማካሪ ያድርግ። ሁለተኛ፣ ማን እንደሚያጸድቅ፣ የእርማት ቁጥር እንዴት እንደሚሰጥና የተሻረ ንድፍ ከሳይት እንዴት እንደሚሰበሰብ ደንብ ያውጣ። ሦስተኛ፣ ሻጮችን በራሱ ፋይሎች ይፈትን፤ አሮጌ የአማርኛ ደብዳቤ፣ በጳጉሜን የተፈረመ ውል፣ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩ ሃያ ንድፎች ይስጣቸው፤ በፍለጋ ጊዜም መብራት ያጥፋና ምን እንደሚሆን ይመልከት። አራተኛ፣ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ብቻ ሞክሮ፣ ፋይሎቹን ከነታሪካቸው ማስወጣት መቻሉን በተግባር ካየ በኋላ ውሉን ይፈርም።

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ወዲህ በኮምፒውተር የሚጸድቅ ሰነድ በአገራችን የሕግ መሠረት አግኝቷል። ይህም ጉዳዩን ከምቾት ጥያቄ ወደ ኃላፊነት ጥያቄ ያሸጋግረዋል። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲያጡ የአማርኛ ሰነድ ፍለጋን ቢያስቡ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ይሆናል እንላለን።

ውድ አንባቢያን፣ ነገ ወደ ሥራ ስትገቡ አንድ ቀላል ሙከራ አድርጉ። ከአሥር ዓመት በፊት በመሥሪያ ቤታችሁ የጸደቀ አንድ ንድፍ ወይም ውል ምረጡ፤ የጸደቀው ቅጂ የትኛው እንደሆነና ማን እንዳጸደቀው ለማወቅ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባችሁ ቁጠሩ። መልሱ በደቂቃዎች ከተገኘ መዝገብ ቤታችሁን አመስግኑ። ካልተገኘ ግን ጨረታውን ለጊዜው አቆዩና ወደዚያች በኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለችው ክፍል ሂዱ። በግድግዳ ላይ የተለጠፈለትን ንድፍ አምኖ ብረት የሚያስር ሰው የሚጠብቀው ያንን መልስ ነው።